የቀደሙት የኮምፒዩተር ጨዋታ ኩባንያዎች ታሪክና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

፩. መግቢያ

በአዲስ አበባ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባሉት ሠፈሮችና በኮንዶሚኒየሞቹ ምድር ቤት፣ «ጌም ቤት» የሚባሉ ጠባብ ክፍሎች አሉ። በእነዚህ ክፍሎች ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን ተደርድሮ፣ ልጆች በአግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ ጆይስቲክ እየተቀባበሉ የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወታሉ። ሒሳቡ የሚከፈለው በየግጥሚያው ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ወላጆችና መምህራን ስለ እነዚህ ቤቶች ሲናገሩ ልጆችን ከትምህርት ያዘናጋሉ የሚለውን ነገር ያነሣሉ። ይህ ክርክር የራሱ ቦታ አለው፤ እኛ ግን ልናነሣ የፈለግነው ሌላ ጥያቄ ነው። ልጁ የከፈለው ብር ለቤቱ ባለቤት ይደርሳል፤ ባለቤቱም ከዚያው ላይ ኪራይና የመብራት ሒሳብ ይከፍላል። ጨዋታውን ያሰቡትና የሠሩት ሰዎች ግን እነማን ናቸው? ከገቢውስ ምን ይደርሳቸዋል?

ይህ ጥያቄ የተነሣው ሥራው ገና ሲጀመር፣ ከዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከ1971 እስከ 1985 ድረስ የተነሡትን ዋና ዋና የኮምፒዩተር ጨዋታ ኩባንያዎች ታሪክ በአጭሩ መተረክና፣ ለመነሣታቸውም ሆነ ለመውደቃቸው ምክንያት የሆነውን ነገር መመርመር ነው። የምናቀርበው አሳብ እንደሚከተለው ነው፤ እነዚህ ኩባንያዎች ሁለት ዕዳ ነበረባቸው፤ አንዱ ለጨዋታው ሠሪ፣ ሁለተኛው ለተጫዋቹ። የመጀመሪያውን ዕዳ የዘነጋ ኩባንያ ሠሪዎቹን አጣ፤ ሁለተኛውን የዘነጋ ደግሞ ገበያውን አጣ። በመጨረሻም ይህ ታሪክ በአገራችን ሥራውን ለሚጀምሩት ወጣቶች ምን እንደሚነግራቸው እንመለከታለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ. ም. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፪. ከኩባንያ በፊት

የኮምፒዩተር ጨዋታ የተወለደው በንግድ ቤት ሳይሆን በምርምርና በትምህርት ቤት ነው። በ1958 በአሜሪካ በብሩክሄቨን የምርምር ተቋም ሚስተር ዊልያም ሂጊንቦተም የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ፣ ተቋሙን ለመጐብኘት የሚመጣው ሕዝብ እንዳይሰለች ብለው፣ በትንሽ የብርሃን መስኮት ላይ የሚታይ የቴኒስ ጨዋታ ሠሩ። በ1962 ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚስተር ስቲቭ ረስል ከጓደኞቻቸው ጋር «ስፔስዎር» የተባለውን፣ ሁለት መንኰራኵሮች በጠፈር ላይ የሚዋጉበትን ጨዋታ ጻፉ።

«ስፔስዎር» የተጻፈበት ፒዲፒ-1 የተባለው ኮምፒዩተር ዋጋው ወደ 120,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን ለመሸጥ ያሰበ አልነበረም፤ ገዢ የት ይገኛል? ተማሪዎቹ ጨዋታውን ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ሰጡ፤ የተቀበሉትም እያሻሻሉ አሳለፉት። በዚህ ጊዜ ሠሪና ተጫዋች አንድ ነበሩ፤ በመካከላቸው የቆመ ነጋዴ ስላልነበረ የዕዳ ጥያቄም አልተነሣም። ጥያቄው የመጣው ሳንቲም ሲመጣ ነው።

፫. ሳንቲም የሚጎርሰው መኪና

በመስከረም ወር 1971 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መዝናኛ ቤት «ጋላክሲ ጌም» የተባለ መኪና ተተከለ። ሠሪዎቹ ቢል ፒትስና ሂው ተክ ሲሆኑ፣ ጨዋታው ያው «ስፔስዎር» ነበር። ለአንድ ጨዋታ የሚከፈለው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ መኪናውን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ግን ወደ 20,000 ዶላር ነበር። ሒሳቡን ብናሰላው፣ የወጣበትን ብቻ ለመመለስ 200,000 ጊዜ መጫወት ያስፈልጋል። ተማሪዎች ተሰልፈው ይጫወቱበት ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዚህ ሥራ ኩባንያ ሊነሣ አልቻለም።

በዚያው ዓመት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ሌላ መንገድ አገኙ። ውድ ኮምፒዩተር ትተው፣ ለዚያ አንድ ጨዋታ ብቻ የሚያገለግል ርካሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ሠሩ። «ኮምፒዩተር ስፔስ» ተብሎ ነቲንግ አሶሲዬትስ በተባለው ኩባንያ ተመርቶ ወጣ። ለብዛት ተሠርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው የሳንቲም ቪዲዮ ጨዋታ ይህ ነው። ዳሩ ግን አጨዋወቱ ለመጠጥ ቤት ደንበኛ ከባድ ስለ ሆነበት፣ የታሰበውን ያህል አልሄደም።

ሁለቱ መሐንዲሶች በሰኔ ወር 1972 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። መዋጮአቸው እያንዳንዳቸው 250 ዶላር ነበር። የመረጡትም ስም፣ «አታሪ»፣ ጎ ከተባለው የሩቅ ምሥራቅ የጠጠር ጨዋታ የተወሰደ ቃል ነው። አል አልኮርን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ቀጥረው፣ ለልምምድ ያህል ቀላል የቴኒስ ጨዋታ እንዲሠራ አዘዙት፤ እርሱም «ፖንግ»ን ሠራ። የመጀመሪያው መኪና በካሊፎርኒያ በሰኒቬል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ተተከለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መኪናው ቆመ ተብሎ አልኮርን ተጠራ፤ ሄዶ ቢከፍተው የተበላሸ ነገር አልነበረበትም፤ የቆመው የሳንቲም መቀበያው ሞልቶ ስለ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የሠሪነት ክርክር ይነሣል። ራልፍ ቤር የተባሉ መሐንዲስ፣ ጨዋታን በቤት ቴሌቪዥን ላይ የማሳየትን አሳብ በ1966 ጀምረው ሲሠሩበት ቈይተዋል። ሥራቸውም «ማግናቮክስ ኦዲሴ» ተብሎ በ1972 ለገበያ ወጣ። በውስጡ የቴኒስ ጨዋታ ነበረበት፤ ቡሽኔልም «ፖንግ»ን ከማሠራቱ በፊት ይህን ጨዋታ በትርዒት ላይ አይቶት ነበር። ማግናቮክስ በ1974 ከሰሰ፤ ነገሩም በ1976 በስምምነት አልቆ አታሪ የፈቃድ ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ። ገና በለጋነቱ ይህ ንግድ አሳብ ባለቤት እንዳለው በፍርድ ቤት ደጃፍ ተማረ። ትምህርቱ ግን በኩባንያዎች መካከል ብቻ ቀረ፤ በኩባንያና በሠራተኛ መካከል ገና አልደረሰም።

፬. ስማቸው ያልተጻፈው ባለሙያዎች

በ1976 ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ አታሪን በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው ዓመት ፌርቻይልድ «ቻነል ኤፍ» የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ የዚህ መሣሪያ ጨዋታዎች በካሴት ተለይተው የሚሸጡ ነበሩ። ሥራውን የመሩት ጄራልድ ሎሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ናቸው፤ እርሳቸው በኋላ ቪዲዮሶፍት የተባለ የራሳቸውን የጨዋታ ኩባንያ አቋቁመዋል። አታሪም በ1977 የራሱን ባለ ካሴት መሣሪያ አወጣ።

የካሴቱ መምጣት የሥራውን ጠባይ ለወጠው። ከእንግዲህ ገንዘብ የሚገኘው ከመሣሪያው ሳይሆን ከካሴቱ ሆነ፤ ካሴቱን የሚያሸጠው ደግሞ በውስጡ ያለው አሳብ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ጨዋታ የሚሠራው በአብዛኛው አንድ ሰው ነበር፤ አሳቡን ያመነጫል፣ ሥዕሉን ይሥላል፣ ድምፁን ያወጣል፣ ትእዛዙን ይጽፋል። በሥራው ረገድ መጽሐፍ ከሚጽፍ ደራሲ ጋር የሚተካከል ነው። ይሁን እንጂ ስሙ በካሴቱም ሆነ በማሸጊያው ላይ አይጻፍም፤ ከሽያጩም ድርሻ የለውም፤ ያለው ደመወዝ ብቻ ነው።

ዋረን ሮቢኔት የተባለ ባለሙያ ለዚህ ያገኘው መልስ የታወቀ ነው። «አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታው ውስጥ፣ ለአለቆቹ ሳይናገር፣ የተሰወረ ክፍል አበጀ፤ በክፍሉም ውስጥ የጨዋታው ሠሪ እርሱ መሆኑን ጽፎ ተወው። ኩባንያው ይህን ያወቀው እርሱ ሥራውን ለቆ ከሄደና ጨዋታው በየቤቱ ከገባ በኋላ፣ ክፍሉን ያገኘ አንድ ልጅ ደብዳቤ በመጻፉ ነው። አንድ ሰው የገዛ ሥራው ላይ ስሙን እንደ ሌባ ተደብቆ መጻፉ፣ የዚያን ጊዜ ባለሙያዎች በምን ሁኔታ ይኖሩ እንደ ነበር በሚገባ ያሳያል።

ከሮቢኔት የበለጠ ውጤት ያመጡት ዴቪድ ክሬን፣ አለን ሚለር፣ ቦብ ኋይትሄድና ላሪ ካፕላን ናቸው። አራቱ የሠሯቸው ካሴቶች ለኩባንያው በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር እንዳስገቡ ከሽያጩ መዝገብ ተረዱ። ድርሻና ስም እንዲሰጣቸውም ጠየቁ። በኋላ እንደ ተናገሩት የተሰጣቸው መልስ፣ ካሴቱን ከሚገጣጥመው ሠራተኛ አይበልጡም የሚል ነበር። በ1979 ከአታሪ ወጥተው ከጂም ሌቪ ጋር «አክቲቪዥን»ን አቋቋሙ፤ ይህም ለሌላ ኩባንያ መሣሪያ ጨዋታ ብቻ በመሥራት የቆመ የመጀመሪያው ኩባንያ ነው። በየካሴቱ መመሪያ ላይ የሠሪው ስምና ፎቶግራፍ ይወጣ ጀመር። አታሪ በ1980 ከሰሳቸው፤ ክሱም በ1982 በስምምነት ተዘጋ። በዚያው ዓመት የወጣው የክሬን «ፒትፎል» ከአራት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። አታሪም ዘግይቶ ቢሆን ለቀሩት ባለሙያዎቹ ከሽያጭ ድርሻ መስጠት ጀመረ፤ ዋናዎቹ ግን ሄደው ነበር።

፭. የ1983 ውድቀት

አክቲቪዥን በሩን ከከፈተ በኋላ የገባው ሁሉ ግን እንደ እርሱ አልነበረም። ከጨዋታ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ኩባንያዎች፣ አጃ በመሸጥ የሚታወቀው ኩዌከር ኦትስ ሳይቀር፣ ካሴት ወደ መሸጥ ገቡ። መደብሮች ተጫዋቹ የማያውቃቸውና ጥራታቸው ያልተመረመረ ካሴቶች ሞሉባቸው።

አታሪ ራሱም በጥድፊያ ሠራ። «ኢ.ቲ.» የተባለውን ታዋቂ ፊልም ወደ ጨዋታ የመለወጥ መብት በ1982 ገዛና፣ ለገና በዓል እንዲደርስ ሲል ለሠሪው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። የካሴቱ ብዛት ግን በሚሊዮን ይቈጠራል። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ ሲሞክረው አዘነ፤ ብዙውም ሳይሸጥ ቀረ። በ1983 ኩባንያው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ ያልተሸጠውንም ዕቃ በኒው ሜክሲኮ በአላሞጎርዶ ከተማ ቈሻሻ መጣያ ቀበረው። ይህ ቀብር ለብዙ ዓመት እንደ ተረት ሲወራ ቈይቶ፣ በ2014 ቦታው ተቈፍሮ ካሴቶቹ ተገኙ። የአሜሪካ የቤት ውስጥ ጨዋታ ገበያም በ1983 ከነበረበት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። በ1984 ዋርነር አታሪን ከፋፍሎ ሸጠው።

የዚህ ውድቀት ምክንያት አንድ ብቻ ነው ብንል ስሕተት ይሆናል። በዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒዩተር ዋጋ ረክሶ ነበር፤ የካሴቱም ብዛት ከገዢው ብዛት በለጠ። ዳሩ ግን ከእነዚህ ሁሉ በታች አንድ አስተሳሰብ እናያለን፤ ይኸውም ጨዋታ ማንም ሰው፣ በማናቸውም ጊዜ፣ በማናቸውም ጥድፊያ ሊሠራው የሚችል ዕቃ ነው ማለት ነው። ሠሪን ከገጣጣሚ የማይለይ ኩባንያ፣ መልካሙን ጨዋታ ከመጥፎው ለመለየትም አልቻለም።

፮. ከጃፓን የመጣው ሥርዓት

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል። ገበያውን ከወደቀበት ያነሣው ኒንቴንዶ ለሠሪዎች ስም አስቦ ነበርን? ኒንቴንዶ በ1889 በኪዮቶ ከተማ የካርታ መጫወቻ ለመሥራት የተቋቋመ ቤት ነው። በ1983 በጃፓን የራሱን መሣሪያ አወጣ፤ በ1985 ደግሞ በአሜሪካ ሲያወጣው፣ ያልተፈቀደ ካሴት እንዳይሠራ የሚከለክል ቍልፍ በመሣሪያው ውስጥ አኖረ፤ ሌሎች ኩባንያዎች በዓመት ከአምስት ጨዋታ በላይ እንዳያወጡ ወሰነ፤ በፈቀደው ካሴትም ላይ ማኅተሙን ለጠፈ። በዚህ ዓይነት የተጫዋቹን እምነት መለሰ። በዚያ ዘመን በጃፓን ኩባንያዎች ዘንድ ግን ሠሪዎች በእውነተኛ ስማቸው ፈንታ በቅጽል ስም እንዲጻፉ ይደረግ ነበር፤ ይህም ሌላ ኩባንያ እንዳይወስዳቸው ተብሎ ነው።

እንግዲህ ኒንቴንዶ ሁለተኛውን ዕዳ ከፍሎ የመጀመሪያውን አቆየ ማለት ነው። ይህ አሳባችንን የሚያፈርሰው አይመስለንም፤ ወሰኑን ግን ያሳየናል። የሠሪው ስም ለብቻው ኩባንያን አያድንም፤ የተጫዋቹም እምነት ለብቻው ፍትሕ አይሆንም። ሁለቱ ዕዳዎች የተለያዩ ስለ ሆኑ፣ አንዱን መክፈል ሌላውን አያስቀርም።

፯. ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ ጨዋታ ከኮምፒዩተር በፊት የኖረ ጥበብ ነው። ገበጣ በእንጨት ላይ ተፈልፍሎ ወይም በመሬት ላይ ተቈፍሮ፣ በጠጠርና በፍሬ ሲጫወቱት ኖሯል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶቹን መዝግበዋል። ሰንጠረዥም በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት የከበረ ነበር፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል አለ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው። ገበጣ እስከ ዛሬ ሲኖር፣ ሰንጠረዡ ግን ከነወረራው ከሕዝቡ ዘንድ ጠፍቷል ለማለት ያስደፍራል። ስሙን የምናውቀው በጽሑፍ ስለ ቀረልን ነው።

በዘመናችን የተነሡት ሠሪዎች ከዚህ ምንጭ ቀድተዋል። በአዲስ አበባ በአቶ ዳዊት አብርሃም መሪነት የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ በ2018 «ኩኩሉ»ን አወጣ። በዚህ የስልክ ጨዋታ አንዲት ዶሮ ከአሳዳጅዋ እየሸሸች ትሮጣለች፤ ስሙም የዶሮ ጩኸትንና የልጆችን የድብብቆሽ ጨዋታ የሚያስታውስ ነው። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ደረጃ ሽልማት አገኘ። ኩባንያው ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ በ2022 ደግሞ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የጨዋታ ቤቶች ጋር በአንድ ማኅበር ገብቷል። በካሜሩን ኪሮኦ ጌምስ፣ በጋናና በኬንያ ሌቲ አርትስ ቀደም ብለው ተመሳሳይ መንገድ ጀምረው ነበር።

ለእነዚህ ቤቶች የመጀመሪያው ችግር ያው የሳንቲም መቀበያ ነገር ነው። ፖንግ የቆመው መቀበያው ሞልቶ ነበር፤ የእኛ ሠሪዎች ግን መቀበያ ራሱ አልነበራቸውም። የስልክ ጨዋታ የሚሸጥባቸው ዓለም አቀፍ መደብሮች የውጭ አገር የክፍያ ካርድ ይፈልጋሉ፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው ሕዝባችን እጅ የለም። ቴሌብር በግንቦት 2021 ከተጀመረ ወዲህ ጥቂት ብር በስልክ መክፈል ቀላል ሆኗል፤ ስለዚህ የገንዘቡ መንገድ ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነው ለማለት እንችላለን።

መንገዱ ሲከፈት ግን የሠሪው ጥያቄ ይከተላል። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ይቈጥረዋል። በአዋጁ መሠረት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር የገንዘቡ መብት የአሠሪው ነው፤ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ መብት ግን የራሱ የሠሪው ነው። ሮቢኔት በተሰወረ ክፍል የጻፈውን ስም በእኛ አገር ሠሪው በግልጽ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። የድርሻው ነገር ግን በውል ካልተጻፈ አይኖርም፤ ውሉም መጻፍ ያለበት አራቱ የአታሪ ባለሙያዎች እንዳደረጉት ጨዋታው ከተሸጠ በኋላ ሳይሆን፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ይቀራል። የገበጣ ደንብ የማንም ንብረት አይደለም፤ አዋጁም አሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም። ስለዚህ ማንም ኩባንያ፣ የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ ከአንድ ሽማግሌ የተማረውን የገበጣ ዓይነት ወደ ስልክ ቢያመጣ በሕግ የሚጠይቀው የለም። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው መዝገብ ነው። ደንቡን ያስተማረው ሰው፣ ወረዳውና ዘመኑ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ጨዋታው ወደ ማናቸውም መሣሪያ ቢገባ ከየት እንደ መጣ ይታወቃል። የኮሌጃችን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ ልንሠራው የምንችለው ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገውም ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ የቀደሙት ኩባንያዎች ገንዘብ ያገኙት ውድ መሣሪያ ስለ ነበራቸው አይደለም፤ ስታንፎርድ የተተከለው ውዱ መኪና ኩባንያ አላስነሣም፤ በ500 ዶላር መዋጮ የተጀመረው ግን ዓለምን አዳረሰ። ያ ኩባንያ የወደቀውም ገንዘብ አጥሮት ሳይሆን፣ ገንዘቡን ያመጡለትን ሰዎች ባለማክበሩና ገዢውን በመናቁ ነው። በአገራችን ሥራውን የሚጀምሩት ወጣቶች ገና በመነሻው ላይ ስለ ሆኑ፣ ሁለቱን ዕዳዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ሊከፍሉ ይችላሉ።

በልደታ ጌም ቤት ለተቀመጠው ልጅም ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ዛሬ የሚጫወተው ጨዋታ ሲያልቅ በማያነበው ቋንቋ የተጻፉ ብዙ ስሞች በመስኮቱ ላይ ያልፋሉ፤ ልጁም እስኪያልፉ አይጠብቅም፤ ለሚቀጥለው ግጥሚያ ቍልፉን ይጫናል። እነዚያ ስሞች እዚያ የተጻፉት ብዙ ክርክር ተደርጎባቸው መሆኑን ማንም አልነገረውም። በዚያ መስኮት ላይ በፊደላችን የተጻፈ የሠሪ ስም የሚያይበት ቀን ቢመጣ፣ ምናልባት ቆም ብሎ ያነበው ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጉድለት ያገኙ መምህራንና ጓደኞቻችን፣ በተለይም የገበጣን ደንብ ከወላጆቻቸው የተማሩ፣ በሚቀጥለው ዕትም ቢያርሙንና ቢጨምሩልን ደስታችን ነው።